የአቶ ቅጣው ጥርጣሬና አዲሱ ቁልፍ

ባለፈው ዓመት፣ መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ በሚኒባስ ስጓዝ መንገድ ላይ ጉም ወርዶ ያዘን። ሹፌሩ ጠንቃቃ ሰው ነበርና «ፊቱን ለማያይ ሰው ፍሬን ምን ይጠቅመዋል» ብሎ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመው። እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝና ብዙም የሚያስቸኩለኝ ጉዳይ አልነበረኝም።

ከአጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከደረት ኪሳቸው አንድ የታጠፈ ደብዳቤ አወጡ። «መምህር ይመስሉኛል። ዓይኔ ደክሟልና ቢያነቡልኝ» አሉኝ። አቶ ቅጣው እንደሚባሉ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ የሚገኝ የገብስ አምራቾችና የበግ አርቢዎች ማኅበር ሊቀ መንበር እንደሆኑም ነገሩኝ።

ደብዳቤው የተጻፈው ማኅበሩ ከታቀፈበት የማኅበራት ዩኒየን ነው። የአባላቱ የመሬት ካርታና የአውራ በጎች የዘር መዝገብ በኮምፒውተር መያዙን ያስታውስና፣ መዝገቡ የተዘጋበት የምስጢር ቁልፍ ወደፊት በኳንተም ኮምፒውተር ሊከፈት ስለሚችል በአዲስ ዓይነት ቁልፍ እንዲተካ ሐሳብ ያቀርባል። ቅዳሜ ባለሙያ መጥታ ለጉባኤው ታስረዳለች፤ ጉባኤው ከተስማማ ሊቀ መንበሩ ማኅተም ያሳርፋሉ።

«አንዲቱን ቃል ይድገሙልኝ» አሉኝ።

«የትኛዋን?»

«ኳንተም የምትለዋን።»

ደገምኩላቸው። ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው ቀስ ብለው አጠፉት። «እንግዲያው ማኅተሜ አያርፍበትም። ይቺ ቃል ከዚህ ቀደም እቤታችን ገብታ ጉድ ሠርታናለች።»

ከኋላችን የተቀመጠች ወጣት ወደ ፊት ዘንበል አለች። ዕድሜዋ ከሃያ ስምንት አይበልጥም፤ የኮምፒውተር ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ይዛለች። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሳላስበው ሰማሁ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፀደንያ እባላለሁ፤ ቅዳሜ የምመጣውም እኔው ነኝ።»

አቶ ቅጣው ዞረው ከእግር እስከ ራሷ ተመለከቷት። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የራቤል ልጅ ነኝ። አባቴ ልብስ ሰፊው መኳንንት ነው።»

«የጨዋ ልጅ ትመስያለሽ፤ ትምህርትሽንም አልንቅም። ነገር ግን ያኛውም ልክ እንዳንቺ ትሑት ነበር።»

እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ተጠራጥሬያት ነበር። ሽማግሌው ስለ ደብዳቤዋ ሲያወሩ እሷ ከኋላ መገኘቷ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ነገር መሰለኝ። እንዲህ ነን፤ አንድ ጊዜ የተታለለ ሰው ሌሎቹንም ሁሉ በአንድ ሚዛን ይመዝናል።

«ያኛው ማነው፣ አባባ?» ስትል ጠየቀች።

አቶ ቅጣውም ነገሩን ከሥሩ አወጉን። ታላቅ እኅታቸው ወይዘሮ ወለተኪዳን ሞላሌ ይኖራሉ። የደም ግፊት ስላለባቸው በየጠዋቱ ኪኒን እንዲውጡ ታዘው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሱፍ የለበሰ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ከውጭ አገር መጣሁ ብሎ ክብ መስተዋት ይዞ በየቤቱ ዞረ። «የኳንተም መስተዋት ነው። ብርጭቆውን ላዩ ላይ አሳድረው ውሃውን ጠዋት ቢጠጡ ግፊት፣ ስኳር፣ የወገብ ሕመም፣ ሁሉም ይለቃል» አላቸው። ወይዘሮ ወለተኪዳን መስተዋቱን ገዙ፤ ኪኒኑንም ተዉ። ባለፈው ግንቦት ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወደቁ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግራ እጃቸው ዕቃ አያነሣም።

«አሁንስ ኪኒኑን ጀመሩ?» አለች ፀደንያ።

«ወዴት! መስተዋቱ ባይኖር ኖሮ ያን ቀን እሞት ነበር ትላለች። ስቆጣት ታለቅሳለች። የንስሐ አባቷ መጥተው መከሯት፤ ‹እርስዎ የነፍሱን ያውቃሉ፣ ይሄ የሳይንስ ነው› አለቻቸው። እንግዲህ ልጄ፣ አንቺም በዚያው ስም መጥተሽ መሬታችንን የያዘውን መዝገብ ስጡኝ ስትይ ምን እንድልሽ ትጠብቂያለሽ?»

ፀደንያም «እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እምቢ እል ነበር» አለች።

ይህን መልስ ሽማግሌው አልጠበቁትም። ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ።

ጉሙ የሚገፈፍ አልሆነም። ሽማግሌው ጠየቁ፤ ልጅቱ መለሰች፤ እኔ ዳኛ ሆኜ በመካከል ተቀመጥኩ።

«እስኪ ነገሩ ምን እንደሆነ ለእኔ በሚገባኝ ቋንቋ ንገሪኝ።»

«እሞክራለሁ፣ አባባ። ዛሬ የምናውቀው ኮምፒውተር ሁሉን ነገር የሚያስበው ‹አዎ› እና ‹አይደለም› በሚሉ ሁለት ምልክቶች ነው። በዓይን የማይታዩት የተፈጥሮ ቅንጣቶች ግን ጠባያቸው ሌላ ነው፤ እስኪለኩ ድረስ ሁለቱንም አቀላቅለው ይይዛሉ። ኳንተም ኮምፒውተር የሚባለው ይህን ጠባይ ለስሌት የሚጠቀም መሣሪያ ነው። ሁሉን ነገር አያፈጥንም። ለአንዳንድ ዓይነት ጥያቄ ግን የእኛ ኮምፒውተር ዘመን ቆጥሮ የማይደርስበትን በአጭር መንገድ ሊደርስበት ይችላል። ከነዚያ ጥያቄዎች አንዱ የምስጢር ቁልፍ መፍታት ነው።»

«አሁን ይፈታል?»

«አይፈታም። ያሉት መሣሪያዎች ገና ደካማ ናቸው፤ ብዙ ይሳሳታሉ። አብዛኞቹ ከማንኛውም ውርጭ በከፋ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልሆኑ አይሠሩም።»

«መቼ ይፈታል?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ትያለሽ?»

«በእርግጥ የሚያውቅ ሰው የለም። አንዳንዱ አሥር ዓመት ይላል፤ አንዳንዱ ከዚያ ያነሰ፤ አንዳንዱ ደግሞ ሃያም ሠላሳም ይላል። ቀኑን በትክክል እነግርዎታለሁ የሚልዎትን ሰው አይመኑት።»

አቶ ቅጣው ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እንግዲያው በማይታወቅ ቀን ለሚመጣ ሌባ ዛሬ ቁልፍ የምለውጠው ለምንድን ነው?»

«ሌባው ሳጥኑን ዛሬ ሊወስደው ስለሚችል ነው። እንደተቆለፈ ወስዶ እቤቱ ያስቀምጠዋል፤ ቁልፍ የሚሠራ ብረት ሠሪ የተገኘ ቀን ይከፍተዋል። የአንድ ሰሞን ወሬ ቢሆን ይውሰደው ባልን ነበር። የመሬት ወሰንና የዘር መዝገብ ግን ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ቁልፉ ሲሰበር ደግሞ ማየት ብቻ አይደለም፤ የሊቀ መንበሩን የኮምፒውተር ፊርማ አስመስሎ መፈረምም ይቻላል። ያን ጊዜ የማን ወሰን የት እንደነበር ማን ይመሰክራል?»

ሽማግሌው በወሰን ጉዳይ ስንት ጠብ አብርደዋል፤ ስንት ለቅሶም ደርሰዋል። ወደ ጉሙ ተመለከቱ። ይሁን እንጂ ጥርጣሬያቸው አልለቀቃቸውም።

«አዲሱ ቁልፍስ በዚያው መሣሪያ የሚሠራ ነው? ውድ መሣሪያ ልታስገዢን ነው?»

«አይደለም፣ አባባ። አዲሱ ቁልፍ የሚሠራው አሁን ባለን ተራ ኮምፒውተር ነው። የሒሳብ ሊቃውንት ከየአገሩ ተሰብስበው ለዓመታት ሲሠሩት፣ ሲፈትኑት ቆይተው ለሁሉም አውጥተውታል። በሩቅ አገር ያሉ መንግሥታት መሥሪያ ቤቶቻቸው ቁልፋቸውን በዚህ እንዲለውጡ ቀን ቆርጠዋል። ባንኮችና ትልልቅ ነጋዴዎች መለወጥ ጀምረዋል። ነገ ገብሳችንን የሚገዛ ፋብሪካ መዝገባችሁ በምን ተቆልፏል ብሎ ቢጠይቀን መልስ ያስፈልገናል።»

«ስለዚህ ኃያላን ያዘዙትን እንከተል ነው።»

«እሱን ፍርሃትዎን እጋራለሁ። መሣሪያው በጥቂት አገሮችና በጥቂት ኩባንያዎች እጅ ነው። ለማን እንደሚሸጡ፣ ለማን እንደማይሸጡ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ለዚህ ነው እኛም ሕጋችንን ቀድመን ማውጣት፣ የራሳችንን ልጆች ማስተማር ያለብን። ሳናውቀው ከመጣብን ግን የምንለው የለንም።»

«ለገበሬው ከቁልፍ በቀር ምን ያመጣለታል?»

ፀደንያ ይህን ስትጠየቅ ፊቷ በራ። «አባባ፣ ባቄላ የተዘራበት መሬት በዓመቱ ገብስ ለምን ይወዳል?»

«ባቄላ መሬቱን ያሳርፈዋላ። ይሄንን አባቴም ያውቅ ነበር።»

«ሲነቅሉት ሥሩ ላይ ትንንሽ እባጭ ያያሉ። እዚያ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን አሉ፤ ከአየሩ ማዳበሪያ ይሠራሉ። ፋብሪካ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ከባድ እሳትና ከባድ ግፊት ይፈልጋል፤ ብዙ ጋዝ ይፈጃል። ማዳበሪያ የሚወደደው አንድም በዚህ ነው። እነዚያ ሕያዋን በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ያለ እሳት እንዴት እንደሚሠሩት ጠንቅቆ ያሰላው የለም፤ የቅንጣቶቹ ነገር ለእኛ ኮምፒውተር ስለሚከብድ። ኳንተም ኮምፒውተር ይረዳል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበታል። የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያጠራቅም የተሻለ ባትሪ ለመፈለግም እንደዚሁ።»

«ተስፋ ነው ወይስ ተደርጓል?»

«ተስፋ ነው። ገና አልተደረገም። መሣሪያውም ራሱ ለማቀዝቀዣ መብራት ይበላል።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ልጅቱ ባወቀችው ልክ ትናገራለች፤ ባላወቀችው ላይ ትቆማለች። መስተዋት ሻጩ ግን የማያውቀው ነገር አልነበረም።

ጉሙ ሲገፈፍ ሞተሩ ተነሣ። ሞላሌ ስንደርስ አቶ ቅጣው ከመኪናው ወርደው በሩን ይዘው ቆሙ። «ልጄ፣ ነይ ውረጂ። ያንቺ ኳንተም ከመስተዋት ሻጩ የተለየ ከሆነ ለእኅቴ ንገሪያት። እርስዎም መምህር፣ ምስክር ይሁኑ።» ሁለታችንም ወርደን ተከተልናቸው።

ወይዘሮ ወለተኪዳን ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። መስተዋቱ ከአጠገባቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ወንድማቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ «ዛሬም ልትቆጣኝ መጣህ?» አሏቸው።

«እትዬ፣ ዛሬ እኔ አልናገርም። ይቺ ልጅ ኳንተምን በዩኒቨርሲቲ የተማረች ናት።»

ፀደንያ ከእግራቸው ሥር መደብ ላይ ተቀመጠች። መስተዋቱን በሁለት እጇ ተቀብላ አገላብጣ አየችው። «እማማ፣ ሰውየው ኳንተሙ የት ነው ያለው አለዎት?»

«መስተዋቱ ውስጥ ነዋ። ወደ ውሃው ይገባል።»

«እንደ እውነቱ ኳንተም በዚህ መስተዋት ውስጥ አለ። በዚህ መደብም ውስጥ አለ፣ በጨውም፣ በእርስዎና በእኔ ሥጋም ውስጥ አለ። የተፈጥሮ ሁሉ ጠባይ ነው። ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚፈስ መድኃኒት ግን አይደለም። አምስት ዓመት ተምሬዋለሁ፤ በሽታ የሚያድን ቢሆን ኖሮ አስቀድሜ ለእናቴ እወስድላት ነበር።»

«እናትሽ ምን ሆነች?»

«ግፊት አለባት። እንደ እርስዎ።»

ወይዘሮ ወለተኪዳን ልጅቱን አተኩረው አዩዋት። «ምን ታደርጋለች?»

ፀደንያ ስልኳን አውጥታ ራቤል ደወለች፤ «እናቴ፣ እዚህ አንድ እናት አሉ፣ አነጋግሪያቸው» ብላ አቀበለቻቸው። ሁለቱ ሴቶች ሳይተያዩ ረጅም ጊዜ አወሩ። ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ጨው፣ በጾም ኪኒን በስንት ሰዓት እንደሚዋጥ፣ ከቅዳሴ በፊት ስለሚይዝ ማዞር። ወይዘሮ ወለተኪዳን ስልኩን ሲመልሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ አላስረዳኝም» አሉ። «ሁሉም ሞኝ ነሽ ይለኛል እንጂ።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄድን። ግፊታቸው ሲለካ ነርሷ ደነገጠች። መድኃኒቱ እንደገና ታዘዘላቸው፤ ለእጃቸውም ማፍታቻ እንቅስቃሴ አሳየቻቸው። እጁ እንደ ቀድሞው ይመለሳል ብላ ግን ቃል አልገባችም።

በሌላ መኪና ወደ መሐል ሜዳ ስንሄድ አቶ ቅጣው «መምህር፣ እኔ ሁለት ዓመት ሐሰት ነው እያልኳት አላመነችኝም» አሉኝ። «ሐሰት መሆኑን አውቅ ነበር፤ እውነቱ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ለካ ጥርጣሬ ብቻውን ሰው አያድንም።»

ቅዳሜ እኔም በተገኘሁበት ጉባኤ ላይ ፀደንያ አስረድታ ስትጨርስ አቶ ቅጣው ተነሡ። ማኅተሙን ከማሳረፋቸው በፊት ሦስት ነገር ጠየቁ። የወረቀቱ መዝገብ እንዳይጣል፤ ኮምፒውተሩ ቢበላሽ እሱ ይመሰክራል። አዲሱን ቁልፍ ከማኅበሩ ሰዎች ቢያንስ ሁለቱ እንዲማሩ፤ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ያለ ቁልፍ የዚያ ሰው ነው። ሦስተኛው፣ ለጉባኤው የሚመጣ ጽሑፍ ሁሉ ገበሬው በሚገባው አማርኛ እንዲጻፍ። ፀደንያ ሦስቱንም ተቀበለች፤ በቃለ ጉባኤም ገባ።

አወቀ የሚባል ጎልማሳ እጁን አንሥቶ «ጋሽ ቅጣው፣ እርስዎ ትናንት የጠሉትን ነገር ዛሬ እንዴት ወደዱት?» አላቸው።

«አልወደድኩትም» አሉ አቶ ቅጣው። «አወቅኩት። መዝገባችን ይጠበቃል፤ ወሰናችንን የሚያምታታ አይኖርም፤ ገዢ ሲጠይቀን መልስ ይኖረናል፤ ነገ ደግሞ በዚያው ስም ሌላ አታላይ ቢመጣ ልጆቻችን ፊት ለፊት ይጠይቁታል። ማዳበሪያው ከረከሰ እሰየው፤ ካልረከሰም ቃል የገባልን ስለሌለ አንቀየምም። አንተም ያልገባህን ጠይቃት። የማታውቀውን አላውቅም ትልሃለች።»

አወቀ ጠየቀ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ጉባኤው ሲያበቃ ቁልፉን የሚማሩ ሁለት ሰዎች ተመረጡ። አንዷ የማኅበሩ ጸሐፊ ሰርካለም ናት። ሁለተኛው ማን ይሁን ሲባል ሰባ አንድ ዓመት የሞላቸው አቶ ቅጣው «እኔ» አሉ። «ዓይኔ ቢደክም ጆሮዬ ደህና ነው» ብለው ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድመው መጥተው ፊት ተቀመጡ። ጥያቄያቸው ብዙ ነበርና የአንድ ቀን ትምህርት ሁለት ቀን ፈጀ።