ሐዋሳ ወይስ አርባ ምንጭ

(ደሴ፣ ሸዋ በር፣ ከሰዓት በኋላ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሱት መንትዮች ራውዳና አንዋር በግቢያቸው የታጠበ ወፍራም ብርድ ልብስ ጫፍና ጫፉን ይዘው ይጨምቃሉ፤ እናታቸው ለቅሶ ሄዳለች፤ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ መሙያው ዛሬ ይዘጋል።)

አንዋር፦ አንቺ ሐዋሳን አንደኛ ካደረግሽ እኔ የትም አልሞላም አልኩሽ። አለቀ።

ራውዳ፦ ከፍ አርገህ ያዝ፣ መሬት ሊነካ ነው። የትም ካልሞላህ ምን ልትሆን ነው?

አንዋር፦ አጎቴ ሱቅ ገብቼ ጨርቅ እለካለሁ።

ራውዳ፦ ጨርቅ ልታወርድ መሰላል ላይ ወጥተህ እማ ያየችህ ቀን ሱቁንም ታስዘጋዋለች። ወደ ቀኝህ ጠምዝዝ እንጂ። አንተ ወደ ግራ እኔ ወደ ቀኝ ከሆነ ጨርቁ ይሽከረከራል እንጂ መቼ ይጨመቃል?

አንዋር፦ እሱን ነው የምልሽ። እኔ በዞርኩበት ስትዞሪ መሽከርከር ብቻ ነው ትርፉ።

ራውዳ፦ ምሳሌህን ለሐዋሳ መምህሮች አስቀምጥላቸው። ሐዋሳም ምህንድስና አለ። አንተ ቢዝነስህን ትማራለህ፣ እኔ ምህንድስናዬን እማራለሁ፣ ምሳ አብረን እንበላለን። እማም እንቅልፏን ትተኛለች። ምኑ ነው የሚያስቆጣው?

አንዋር፦ አለ፣ መች የለም አልኩ። አንቺ የምትፈልጊው ግን እሱን አይደለም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ "የውኃ ምህንድስና፣ አርባ ምንጭ" ስትዪ ጆሮዬ ራሱ ውኃ ቋጥሯል።

ራውዳ፦ ሰው ሐሳቡን ይለውጣል።

አንዋር፦ መቼ ለወጥሽ?

ራውዳ፦ ሰሞኑን።

አንዋር፦ ትናንት ማታ በዪዋ።

ራውዳ፦ ጭመቅ።

አንዋር፦ ትናንት ማታ ወደቅኩ፣ ዛሬ ጠዋት አርባ ምንጭ ሐዋሳ ሆነች። ይሄን ብርድ ልብስ ለምን እንደምናጥበው የማላውቅ መሰለሽ?

ራውዳ፦ ቆሽሾ ነው።

አንዋር፦ በምን?

ራውዳ፦ አንዋር፣ ተው።

አንዋር፦ በአሥራ ስምንት ዓመቴ አልጋ አርጥቤ እህቴ ታጥብልኛለች። ተናገሪው፣ አፍሽን አያቃጥልሽም።

ራውዳ፦ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ራሱን አያውቅም። ሐኪሙ ነግሮናል። ሕመም ነው፣ ነውር አይደለም።

አንዋር፦ ነውር ካልሆነ ለምን በሹክሹክታ ታወሪዋለሽ?

ራውዳ፦ አጥሩ አጭር ነው። ጎረቤት ይሰማል።

አንዋር፦ ይኸው።

ራውዳ፦ እኔ ነኝ እንዴ ያመጣሁት? እማ ናት። "ጋኔን ያዘው ይሉብኛል፣ ነገ ሴት ልጅ የሚሰጠው ያጣል" ብላ ከአራታችን አፍ እንዳይወጣ ያስማለችን እሷ ናት። አባ እንኳ ጭነት ይዞ ከጅቡቲ መንገድ ሲደውል "የልጁ ጉንፋን እንዴት ነው?" ነው የሚለው። በስልክም ይፈራል።

አንዋር፦ አሥር ዓመት ሙሉ ጉንፋን። አይዞሽ፣ ሳል አልጨመረበትም።

ራውዳ፦ አትቀልድ። እሺ፣ ብቻህን ሐዋሳ ገባህ እንበል። ዶርም ተመደብክ። ተደራራቢ አልጋ ነው፣ የላይኛው ደረሰህ። ከዚያስ?

አንዋር፦ የታችኛውን እለምናለሁ።

ራውዳ፦ ለምን ሲሉህ?

አንዋር፦ ከፍታ እፈራለሁ እላለኋ።

ራውዳ፦ ስትወድቅስ? አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫህ ሥር ይይዝልሃል። አንዱ ቁልፍ ያስጨብጥሃል። አንዱ ጀግና ነኝ ብሎ ማንኪያ አፍህ ውስጥ ይከትና ጥርስህን ያወልቀዋል። በነጋታው ፍራሻቸውን ተሸክመው አንድ በአንድ ይወጡልሃል፤ ይተላለፍብናል ብለው።

አንዋር፦ አስበሽ ጨርሰሽዋል።

ራውዳ፦ ስንት ጊዜ። በአፌ አርባ ምንጭ ስል በሆዴ የማየው ይሄን ነበር።

አንዋር፦ የፈሩት ይደርሳል ይባላል። አንቺ ደግሞ እስኪደርስ አትጠብቂም፣ መንገድ ድረስ ወጥተሽ ትቀበዪዋለሽ።

ራውዳ፦ ወይ እዚሁ ደሴ ግባ። ለታመመ ተማሪ ቅርብ ቦታ ይመድባሉ ይባላል። እማ አጠገብህ ትሆናለች።

አንዋር፦ ደህና መላ ነው። ጺሜ ሲሸብት እማ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ቆማ "አንዋር፣ አለህ?" ትላለች።

ራውዳ፦ ትላለች።

አንዋር፦ አንቺም ትያለሽ።

ራውዳ፦ እላለሁ። ታዲያ ባልል?

አንዋር፦ ራውዳ፣ እኔ አንድ ቀን ብቻዬን ሻይ ጠጥቼ አላውቅም። መስጊድ ስሄድ እንኳ ሴቶች መግቢያ ጋ ቆመሽ ጫማዬን ትጠብቂያለሽ። በሽታው አልፎ አልፎ ነው የሚጥለኝ። አንቺ ግን በየቀኑ ነሽ።

ራውዳ፦ ያንን ጫፍ ልቀቀው።

አንዋር፦ ምን?

ራውዳ፦ ልቀቀው አልኩህ። ራሴ አሰጣዋለሁ።

አንዋር፦ ውኃ ጠጥቷል፣ ብቻሽን አትችዪውም።

ራውዳ፦ አያገባህም። በየቀኑ ነሽ አላልክም? ዛሬን ደግሞ ዕረፍ።

አንዋር፦ ያልኩት ክፉ ነገር ነው። አፉ በይኝ።

ራውዳ፦ ክፉ ነው። ግን ውሸት ነው አላልክም።

አንዋር፦ ውሸት አይደለማ።

ራውዳ፦ እኔስ ወድጄ የማደርገው ይመስልሃል? የክፍሌ ልጆች ለሽርሽር ሐይቅ ሲሄዱ ቀረሁ። የአክስታችን ልጅ ስትዳር ኮምቦልቻ ሙሽራዋ ጋ ማደር አማረኝ፣ ቀረሁ። "ምነው?" ሲሉኝ "ሆዴን አሞኝ" እላለሁ። ሆዴ ራሱ ታዝቦኛል። ከጓደኞቼ አንዷ "አንቺ ወንድምሽን ነው ያገባሽው?" አለችኝ፣ ሳቅኩላት። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እሱንም አንተ እንዳትሰማ ውኃ ከፍቼ።

አንዋር፦ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆንሽው? ልጅ ሆነን እንዲህ አልነበርሽም።

ራውዳ፦ ታውቀዋለህ።

አንዋር፦ ከእጄ ጀምሮ።

ራውዳ፦ ዘጠነኛ ክፍል ሆነን እኔ ከክፍሌ ልጆች ጋር ግድብ ልጎበኝ የሄድኩ ጊዜ። እማ ገበያ ነበረች። አንተ ሻይ ላፍላ ብለህ ምድጃው ላይ ወደቅክ። እኔ ስመለስ ክንድህ እስከ ክርን በፋሻ ተጠቅልሏል። እማ አልተቆጣችኝም። ፋሻህ ሲቀየር ለሐኪሙ ብቻ "ራውዳ አልነበረችማ" አለችው። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ እሰማታለሁ።

አንዋር፦ እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው።

ራውዳ፦ አንተ ምን ታስታውሳለህ፣ ራስህን ስተህ።

አንዋር፦ ከነቃሁ በኋላ። በሩ ላይ ቆመሻል። ጫማሽ ጭቃ ነው። ፊትሽ ላይ አንድ ነገር ነበር፣ እኔን ስታዪ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ፊትሽ ላይ አይቼው አላውቅም። ምን ነበር?

ራውዳ፦ ምን ነበር ትላለህ። ደስታ ነበራ።

አንዋር፦ ምን አይተሽ?

ራውዳ፦ የግድቡ ሠራተኛ በሩን ከፍቶ ውኃውን ሲለቀው መሬቱ ከእግሬ ሥር ነዘረ። ልጆቹ ጮኸው ወደ ኋላ ሸሹ። እኔ አልሸሸሁም። "ይሄን ሁሉ ውኃ ሰው ያዘዋል?" ብዬ ጠየቅኩት። "ጠባዩን ካወቅሽለት ይታዘዝልሻል" አለኝ። እዚህ ቧንቧው እስኪመጣ ጄሪካን ደርድረን ቀን የምንቆጥር ሰዎች፣ እዚያ ውኃ ሲታዘዝ አየሁ። አውቶቡስ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ላንተ እንዴት እንደምነግርህ ሳሰናዳ መጣሁ። ከዚያ ክንድህን አየሁት። በዚያው ቀረ።

አንዋር፦ አሁን ነገርሽኝ።

ራውዳ፦ ከዚያ ወዲህ ደስ ሲለኝ እፈራለሁ። እኔ ስስቅ አንተ የሆነ ቦታ የወደቅክ ይመስለኛል። የጅል ነገር ነው።

አንዋር፦ የጅል አይደለም። ግን እኔን የሚጥለኝ የገዛ ጭንቅላቴ ነው። ያንቺ ሳቅ ምን አደረገ?

ራውዳ፦ እሱን ለእንቅልፌ ንገርልኝ።

አንዋር፦ ነይ፣ ያንን ጫፍ ስጪኝ። ገመዱ ላይ አንድ ላይ እንወርውረው። እንዲህ። እኔ ለምን ሐዋሳ እንዳልኩ ግን ጠይቀሽኝ አታውቂም።

ራውዳ፦ ቢዝነስ ትወዳለህ። አጎታችን ሱቅ ሴትዮዋ ገና ከበሩ ሳትገባ የትኛውን ጨርቅ እንደምታነሳ ታውቃለህ። እሱን ማን ያጣዋል።

አንዋር፦ ቢዝነስማ እዚህም አለ። ሐዋሳ ያልኩት የሚያውቀኝ ስለሌለ ነው። መጀመሪያ ስሜን ይጠይቁኛል። እዚህ ሰው ሲያገኘኝ "እህትህስ?" ነው የሚለኝ፣ ዱላውን የረሳ ሽማግሌ ይመስል።

ራውዳ፦ ስምህን ይጠይቁሃል። እሺ። መሬት ላይ ስትንፈራገጥ ያዩህ ጊዜስ ስምህ ምን ሊሆን ነው? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ አንዋር። እኔ አርባ ምንጭም ሐዋሳም መሆን አልችልም።

አንዋር፦ እኛ አራት እግር ነው ያለን።

ራውዳ፦ መልስ አታጣም። ጥያቄዬን ግን አልመለስክም። ማን ያነሳሃል?

አንዋር፦ ነግሬያለሁ።

ራውዳ፦ ምኑን?

አንዋር፦ ሕመሜን። ለሰው ነግሬያለሁ።

ራውዳ፦ ለማን?

አንዋር፦ ለፍስሐ።

ራውዳ፦ ለየትኛው? ለሰፈሩ ኳስ በረኛ? ያ አፉ የማያርፈው?

አንዋር፦ እሱ። ሐዋሳን አንደኛ ሞልቷል። ከደረሰን አንድ ዶርም እንጠይቃለን።

ራውዳ፦ አንዋር፣ ምን ነካህ? ነገ ሰፈሩ ይሰማዋል። እማ በምን ዓይኗ ለቅሶ ቤት ትቀመጣለች?

አንዋር፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እማ ራሷ ናት ይሄን የምትለው፣ ለሌላ ሰው ሲሆን።

ራውዳ፦ ምን ብለህ ነገርከው?

አንዋር፦ ሜዳው ዳር ተቀምጠን ነበር። "የሚጥል በሽታ አለብኝ። መድኃኒት እወስዳለሁ፣ አንዳንዴ ግን እወድቃለሁ" አልኩት። ይሄው ነው፣ አሥር ቃል አይሞላም። አሥር ዓመት ጉሮሮዬ ላይ ያስቀመጥኩት።

ራውዳ፦ እሱስ?

አንዋር፦ ኳሷን በእግሩ ወዲያና ወዲህ ያንከባልላል። ይሄ በቃ ተነስቶ ሊሄድ ነው ብዬ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ፣ ሲሄድ እንዳላየው። የታሰረውን ፈትቼ እንደገና አሰርኩት።

ራውዳ፦ ሄደ?

አንዋር፦ "በየትኛው ጎንህ ነው የማስተኛህ?" አለኝ።

ራውዳ፦ እንደሱ አለህ?

አንዋር፦ በቃ እንደሱ። "በግራ ጎኔ" አልኩት። "አፍህ ውስጥስ ምን ላድርግ?" አለኝ። "ምንም እንዳታደርግ። እህቴ ከራሴ ሥር ለስላሳ ነገር ታደርግልኛለች" አልኩት። ትንሽ አሰበና "ሹራብ አለኝ" አለ።

ራውዳ፦ "ሹራብ አለኝ" አለ?

አንዋር፦ ወላሂ። ከዚያ ተነስቶ "ና ባክህ፣ በረኛ ሁንልኝ" አለና ኳሷን መታብኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም። እስከ ዛሬም ለማንም አልተናገረም፣ ሳምንት አልፎታል። አንቺ አልሰማሽም፣ ሰምተሻል?

ራውዳ፦ አልሰማሁም።

አንዋር፦ ምን ሆንሽ? ታለቅሻለሽ እንዴ?

ራውዳ፦ ሳሙና ነው። ሰዓት ይይዛል?

አንዋር፦ የምን ሰዓት?

ራውዳ፦ ስትወድቅ ሰዓት መያዝ አለበት። አምስት ደቂቃ ካለፈህ ሐኪም ቤት ነው፣ እሱን ነግረኸዋል?

አንዋር፦ እሱን ረሳሁት።

ራውዳ፦ ይኸው። ኮሌታህንም ያላላልህ። እጅህን አጥብቆ እንዳይዝ፣ ይሰበራል። ልጆቹ እንዳይከቡህ በሩን ይዝጋ። መድኃኒት መውሰድህን ማታ ማታ ይጠይቅህ፣ በቁጣ ሳይሆን እንዲያው በጨዋታ መሐል። በቁጣ ከሆነ እልህ ይይዝሃል።

አንዋር፦ አንቺ ንገሪዋ። ስልኩን እሰጥሻለሁ።

ራውዳ፦ እነግረዋለሁ። ስትነቃ ደግሞ የት እንዳለህ አታውቅም፣ ትፈራለህ። ፊትህ ላይ እንዳይጮህ። ቀስ ብሎ "አንዋር፣ ሐዋሳ ነህ" ይበልህ።

አንዋር፦ አሁን ምን አልሽ?

ራውዳ፦ የሰማኸውን ነው ያልኩት።

አንዋር፦ እማን ለኔ ተዪልኝ። ከለቅሶ ስትመለስ ራሴ ነኝ የምነግራት። ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ እራት አልበላም ትላለች። አንቺ መሐል አትግቢ።

ራውዳ፦ ለፍስሐ መንገርህንም?

አንዋር፦ ከሱ ነው የምጀምረው።

ራውዳ፦ እንግዲያው ስልኩን አውጣና አርባ ምንጭን አንደኛ አድርግልኝ። አንተ ንካው፤ የኔ እጅ ዛሬ አልታዘዝ ብሎኛል።