ትምህርት ቤት በምን ይለካል?

ይህ ክርክር የገጠመኝ ሱሪዬን ለማሳጠር ወደ ልብስ ሰፊው ወዳጄ ጎራ ባልኩበት ቀን ነው። ሜትሮውን ከአንገቱ ስለማያወርድ ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሮ» ይለዋል። የትምህርት መክፈቻ ሲቃረብ ሱቁ በተማሪዎች የደንብ ልብስ ይሞላል፤ ያን ዕለትም ከመስኮቱ በላይ ሦስት ዓይነት ተሰቅሎ ነበር፤ የግሉ ትምህርት ቤት ዓርማ ያለበት ሰማያዊ ኮት፣ የአዳሪው ነጭ ሸሚዝ ከነከረባቱ፣ የመንግሥቱ ግራጫ ሸሚዝ።

«እርስዎንስ እግዜር ነው ያመጣዎት፣ መምህር!» አለኝ ገና ከደጅ ሲያየኝ። «ልጄን ነገ ጠዋት ማስመዝገብ አለብኝ። ሦስቱም ትምህርት ቤቶች ተቀብለዋታል። እስቲ የቱ ይበልጣል?»

ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ሁለተኛ ደረጃ መግባቷ ነው። ቀና ብላ አየችኝ፤ አስተያየቷ «አደራዎን» የምትል ያስመስላት ነበር።

ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። «የግሉን ያየን እንደሆነ፣ ፈተና የሚወድቅ ተማሪ የለውም።»

«በቃ፣ የግሉ!»

«ቆይ እንጂ ወዳጄ። አዳሪው ደግሞ ሥነ ሥርዓት አለው፤ ሲነጋም ጥናት፣ ሲመሽም ጥናት።»

«እንግዲያው አዳሪው?»

«ልጅህን ግን ለዕረፍት ስትመጣ ብቻ ነው የምታያት። የመንግሥቱ አስተማሪዎች ልምድ አላቸው፤ ክፍሉ ግን ጢም ብሎ የሞላ ነው።»

ሜትሮ መቀሱን አስቀመጠ። «መምህር፣ እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ግራ የተጋባሁት በትንሹ ነበር። አሁንስ ጭራሽ ዞረብኝ።»

እውነቱን ነው። እኔም ያልኩትን መልሼ ሳስበው የቱን እንደደገፍኩ ጠፋኝ። ሰው የሚያማክረኝ አዋቂ ነህ ተብዬ ነው፤ አፈርኩ።

«ልቤ የወደደውስ የግሉን ነው» ሲል ቀጠለ። «ሄደን አይተነዋል። ላቦራቶሪው ሲያብረቀርቅ! ጠርሙሱ በተርታ ተደርድሮ፣ ጠረጴዛው ፊት እያሳየ። የመንግሥቱን ቢያዩት ግን! ጠረጴዛው ተቃጥሏል መምህር፣ ተቃጥሏል! አሲድ በልቶት፣ ተቦጫጭሮ። ልጄን እዚያ ውስጥ ልክተታት?»

ልጅቷ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «አባባ፣ ልናገር?»

«ተናገሪ እናቴ።»

«እስቲ ያንተን መቁረጫ ጠረጴዛ እየው።»

ሁለታችንም አየነው። ጠርዙን መቀስ ቦጫጭቆታል፣ መሀሉን ካውያ አሳርሮታል።

«ጠረጴዛው ላይ አንድ ጭረት የሌለበት ልብስ ሰፊ ብታገኝ ጨርቅህን ትሰጠዋለህ?»

«እኔ? ምን ቆርጦኝ! ያ ሰውዬ ሠርቶ አያውቅም ማለት እኮ ነው» አለና፣ ከአፉ የወጣውን ሲሰማው የተቦጫጨቀ ጠረጴዛውን በመዳፉ ዳበሰ።

«የግሉን ያስጎበኘን ሰውዬ የላቦራቶሪውን ቁልፍ ፍለጋ ስንት ቢሮ እንደዞረ አላየህም? ጠርሙሶቹ ላይ የተገዙበት ሱቅ ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። እኔ ኬሚስትሪ መማር ነው የምፈልገው አባባ፣ ጠርሙስ ማየት አይደለም።»

ሜትሮ በቀላሉ እጁን የሚሰጥ ሰው አይደለም። «ውጤታቸውስ? ሁሉም ያልፋሉ፤ መምህርም ብለዋል!»

«ሲገቡ ፈትነው ጎበዞቹን ብቻ ነዋ የሚወስዱት። አንተም ትከሻው ቀጥ ያለውን ደንበኛ ብቻ እየመረጥክ ብትሰፋ ልብስህ ሁሉ ባማረ ነበር።»

«ጎባጣውን ማን ያለብሰዋል ታዲያ?»

«እሱን ነው መጠየቅ ያለብን» አለች ቀስ ብላ። «የመንግሥቱ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል፤ ብዙዎቹ ደካማ ሆነው ገብተው ጎብዘው ይወጣሉ።»

«የክፍሉ መጨናነቅስ?»

«እሱ እውነት ነው። የሒሳብ አስተማሪውም ብዙ ቀን ከክፍል ይቀራል ይላሉ። ይከብደኛል፤ ግን አውቄው ልግባ።»

እዚህ ላይ ነው ልቤ የተነካው። እኛ አዋቂዎቹ አንዱን ትምህርት ቤት ገነት፣ ሌላውን ሲኦል አድርገን ስንምታታ፣ ልጅቷ የወደደችውንም ትምህርት ቤት እንከን አልሸሸገችም። እኔም ያን ጊዜ ጭንቅላቴ ጠራልኝና ዳኝነቴን ሰጠሁ። ትምህርት ቤት ማየት የሄደ ወላጅ ግድግዳውን ትቶ፣ ልጆች ምን ይዘው ገብተው ምን ይዘው እንደሚወጡ ይጠይቅ። የግል ነው፣ የመንግሥት ነው፣ አዳሪ ነው ማለቱ ብቻውን ምንም አይነግረውም። እንዲህ የጠየቀ ሰው በኮት አይታለልም፤ ልጁም የት እንደገባችና ለምን እንደገባች ታውቃለች። የሒሳቡን ነገር ግን እኔ ልሙላው ብዬ ቃል አልገባሁም፤ የታሪክ አስተማሪ ነኝ።

ሜትሮ ከጠረጴዛው ዞር አለ። ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አመጣ። ሲፈታው ሰማያዊው ኮት ነው፤ በልጁ ልክ የተሰፋ፣ ገበሩ ሐር የመሰለ።

«ላስደንቅሽ ብዬ ተደብቄ ነበር የሰፋሁት» አለ፣ ገበሩን በጣቱ እያሻሸ። «እንዲህ ለብሰሽ ስትወጪ በሐሳቤ እያየሁሽ።»

ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አባባ፣ ካዘንክ...»

«ዝም በይ አንቺ!» ምላጭ አንስቶ በደረቱ ላይ ያለውን ዓርማ ክር በክር፣ ጨርቁን ሳይጎዳ ተረተረው። አራገፈና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት።

«በግራጫው ሸሚዝ ላይ ለብርድ ይሆንሻል» አላት። «ጠረጴዛቸውን ስታቃጥይ ግን አውልቂው።»