የመምህርት መንበረ መስታወት

ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፣

በዚህ በመተማ ሙቀት ዳስ ጥላችሁ፣ የከርከዴውን መጠጥ በበረዶ አቀዝቅዛችሁ ስለሸኛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር አብዱልሀኪም "ከአምስት ደቂቃ እንዳይበልጡ" ብሎኛል። ዳይሬክተር ሆኜ ስንት ዓመት ስላችሁ የኖርኩትን መለሰልኝ!

ስላሠራኋቸው ክፍሎች ብዙ አመሰገናችሁኝ። ስለ አንዲት ሴት ግን ማንም አላነሳም። እኔ ላንሳ።

ከስድስት ዓመት በፊት እዚህ ፊዚክስ ታስተምር የነበረችውን መንበረን ታስታውሷታላችሁ? ከቤተ ሙከራው የማዕድን ሳጥን ሞሊብዴናይት የሚባል ጥቁር የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አወጣች። እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተነባበረ የተሠራ፣ ኤሌክትሪክም በከፊል የሚያስተላልፍ ነው። በፕላስተር እየላጠች፣ እየላጠች አሳሳችው። አንድ ቀን "ጋሼ ደሞዝ፣ ይምጡና ይዩ!" አለችኝ። አየሁ። ያ ጥቁር ድንጋይ ብርሃን ያሳልፋል፤ አረንጓዴ ሆኗል!

"ምን ሆኖ ነው?" አልኳት።

"እሱን ነው የምፈልገው። የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ወደ ቀለማቱ በትኜ ሳሳልፍበት ቀዩ ላይ ሁለት ቦታ ይደበዝዛል። እየሳሳ ሲሄድ እንዴት እንደሚለወጥ ልለካ። ብርሃን እንዲገባልኝ መስኮቱ ላይ መስታወት ልስቀል?"

"ስቀይ" አልኳት። በዚህ አፌ።

መስኮቱ የሚያየው ወደ ሱዳኗ ገላባት ነበር። በሳምንቱ ሁለት የጸጥታ ሰዎች ቢሮዬ ገቡ። "ይቺ ሴት ድንበር ማዶ ለማን ነው በመስታወት ምልክት የምትሰጠው? እርስዎ ፈቅደውላታል?"

ምን አልኩ? "እኔ የማውቀው ነገር የለም" አልኩ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ታሰረች። ድንጋዩም፣ ደብተሯም ተወሰደ። ስትፈታ ወደ ሳንጃ ተዛወረች።

ባለፈው ወር ሄጄ አገኘኋት። "መንበረ፣ የፈቀድኩልሽ እኔ ነበርኩ፤ ካድኩሽ" አልኳት።

"አውቃለሁ፣ ጋሼ። ፈርተው ነው። እስሩን ረስቼዋለሁ። የሚቆጨኝ ልኬቱ ነው፤ ሦስት ቀን ብቻ ነበር የቀረኝ።"

"ድንጋዩን ፈልጌ ባመጣልሽስ?"

"የት ላይ ልሥራበት? እዚህ ቤተ ሙከራ የለም። አሁን ሒሳብ ነው የማስተምረው" አለችና ወደ ክፍሏ ገባች። ደጁ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ወዳጆቼ፣ ይቅርታውን ከእናንተ አልጠይቅም፤ የእሷ ነው። አደራ የምላችሁ ግን አንድ ነገር ነው፤ በሥራው የታመነ ሰው ፈቃድ ሲጠይቃችሁ ፍቀዱለት፤ የፈቀዳችሁ ቀን ደግሞ ከጎኑ ቁሙ።

ወባው ይራቃችሁ። ዝናቡ በልኩ ይዝነብላችሁ። ተማሪዎቻችሁ በልጠዋችሁ እዩ። ፈጣሪ፣ እኔ ያጣሁትን ድፍረት ለእናንተ በሰዓቱ ይስጣችሁ።