ጉርድ ፎቶና ሠላሳ አምስቱ ሌንስ

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት ሊጋመስ ሲል፣ የጁባ ፀሐይ ሰው ጠልታ የወጣች ትመስል ነበር። ዝናቡ ገና ነው። መብራት ከጠፋ ከራርሟል፤ ጄነሬተር ያለው ናፍጣ አጥቷል፣ ናፍጣ ያለው ጄነሬተሩን ተዘርፏል። እንዲህ ባለው ቀን ረፋድ ላይ አቶ ወልደጊዮርጊስ አማራት ሰፈር ውስጥ ካለችው ፎቶ ቤታቸው ወጥተው፣ ጥላ ጥላውን እየመረጡ፣ ወደ ሙባረክ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አዘገሙ።

ዕድሜያቸው ስልሳ አንድ ነው፤ ጁባ ከገቡ ዐሥር ዓመት ሆኗቸዋል። የሐበሻው ሠርግ፣ ክርስትናው፣ ለፓስፖርት የሚሆነው ጉርድ ሁሉ በእጃቸው አልፏል። ያለፈው ሐምሌ ጦርነት ግን ደንበኞቻቸውን ወደየአገራቸው በተነ፤ ዋናውን ካሜራቸውንም ሌባ ወሰደው። የቀረቻቸው አንድ ፈረንጅ ከተማውን ሲለቅ የሸጠላቸው ሚረርለስ ካሜራ ናት። እሷንም «መስታወት የላት፣ ሆዷ ባዶ፣ እንደ እኔው ናት» እያሉ ይቀልዱባታል። አብሯት የመጣው ዙም ሌንስ አቧራ ገብቶበት ደርቋል። ስለዚህ ከድሮ የተረፈውን ጭረት የበዛበት ሰማንያ አምስት ቁጥር ሌንስ በማገናኛ ቀለበት እየገጠሙ ነበር የሚሠሩት፤ እሱም ደብዝዞ አልቋል።

ሙባረክ በማግስቱ ወደ ዱባይ ይበራል። አቶ ወልደጊዮርጊስ ያጠራቀሙት ለአንድ ሌንስ ብቻ የሚበቃ ነው፤ ሁለተኛ ዕድል የላቸውም።

«ቁጥሩን በደንብ ይንገሩኝ ጋሽ ወልዴ» አለ ሙባረክ ደብተሩን ገልጦ። «ከመጣ በኋላ መመለስ ማፊ፣ የለም! ወላሂ፣ ዱባይ ድረስ አልመልስም።»

«ሰማንያ አምስት። አዲስ ሰማንያ አምስት።»

በዚህ ጊዜ የባትሪ ቻርጀር ልትገዛ የገባች አንዲት ወጣት ቀና አለች። ሉሊት ትባላለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ እዚሁ ጁባ አማራት ሰፈር ላለ አንድ የርዳታ ድርጅት ፎቶ ታነሣለች። አቶ ወልደጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ታውቃቸዋለች።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? በሰው ጉዳይ መግባት አይሁንብኝና፣ ሰማንያ አምስት ለምን መረጡ?»

«ፊት ስለሚያወጣ ነዋ ልጄ! ቆርቆሮውንም ጭቃውንም ከኋላ አደብዝዞ ያጠፋና ፊቱን ብቻ ያወጣልሻል። ሠላሳ ዓመት የበላሁበት እንጀራ ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፎቶ ቤትዎ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስንት እርምጃ ነው?»

«አራት። ቢበዛ አምስት።»

«በሰማንያ አምስት ሁለት ሰው በቁመት ለማንሣት ሰባት እርምጃ መራቅ አለብዎ። በሩን ከፍተው መንገድ ላይ ሊቆሙ ነው?»

ሙባረክ ሳቁ አመለጠው። «መንገድ ላይ ከቆሙማ ቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት ጠራርጎ ይወስዳቸዋል!»

አቶ ወልደጊዮርጊስ አልሳቁም። ሽማግሌ በሙያው ሲነኩት አይወድም፤ እሳቸው ደግሞ ከሙያቸው ሌላ የቀራቸው ነገር የለም።

«ሰፊ ሌንስ ሰው ያበላሻል» አሉ ኮስተር ብለው። «አንድ ጊዜ ተሳስቼ በሰፊው ሠርግ አነሣሁ። ጠርዝ ላይ የቆመችው ሚዜ ክንዷ የሙዝ ግንድ አክሎ ወጣ። እናቷ ሊከሱኝ ምንም አልቀራቸውም።»

«እውነትዎን ነው። ያ ግን ሃያው ወይም ሃያ አራቱ ነው፤ ጠርዝ ላይ ያለውን ይለጥጣል። እኔ የምልዎ መጠነኛውን ነው፣ ሠላሳ አምስቱን። ሃምሳው ለእርስዎ ክፍል ይጠብዎታል፣ ጀርባዎ ግድግዳ ይመታል። ሠላሳ አምስቱ መካከለኛ ነው። ሰውየውንም፣ ወንበሩንም፣ አጠገቡ ያለውንም ያስገባል። አፍንጫው ሥር ገብተው ካላፈጠጡበት በቀር ፊት አያበላሽም።»

«ዙም ብገዛስ? ሁሉንም ቁጥር አንድ ላይ አገኝ ነበር።»

«የዙሙን መጨረሻ አይተውት የለም? ሲዘረጋና ሲሰበሰብ አቧራውን እንደ ወናፍ ይስበዋል። ይኼ አይዘረጋም፣ አይሰበሰብም፤ መቅረብ ሲፈልጉ በእግርዎ ይቀርባሉ። አፉም ሰፊ ነው፤ መብራት በሌለበት ከበር በምትገባ ብርሃን ይሠራል። ደግሞ ትንሽ ነው። በዚህ ከተማ መንገድ ላይ ትልቅ ሌንስ ይዞ መውጣት ወታደር መጥራት መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

እዚህ ላይ አቶ ወልደጊዮርጊስ በልባቸው ግማሽ መንገድ መጥተው ነበር። አፋቸው ግን ሌላ ተናገረ። ሰው የሚሸነፍበትን ሲያውቅ የመጨረሻዋን ምሽጉን አጥብቆ ይይዛል።

«ንግግርሽ ደግ ነው፤ የተማረ ሰው ንግግር ነው። ግን አንድ ነገር አታውቂም። እኛ ስደተኞች ነን። የምንኖረው እንዴት እንደሆነ ታያለሽ። ሰው ገበናውን አስነሥቶ ወደ አገሩ አይልክም። እኔ የዚህን ሁሉ ሐበሻ ገበና ስሸፍን ነው የኖርኩት። ቆርቆሮው አይታይ፣ ጀሪካኑ አይታይ። እናት ፊቱን አይታ ‹ልጄ ደህና ነው› ብላ ትተኛለች። ይህ ኃጢአት ነው?»

«ኃጢአት አላልኩም ጋሼ።»

«እንግዲያው እዪ!» ካሜራቸውን ከቦርሳ አወጡ። «መልከጼዴቅን ታውቂዋለሽ፤ የሰፈራችንን ሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ። ኩላሊቱ አብቅቶለታል። ሐኪሙ አውሮፕላን አይችልም ብሏል። ፍኖተ ሰላም ያለችው ሚስቱ ማሚቱ ‹ፎቶውን ላኩልኝ› ካለች ሁለት ሳምንቷ ነው። ዛሬ ጠዋት አነሣሁት።»

ሉሊት የካሜራውን መስኮት አየች። ፊት ብቻ ነበር። ጉንጩ ገብቷል፣ ዓይኖቹ ተነፍተዋል፤ ከኋላው ሁሉ ድብዝዝ ያለ ግራጫ ነው። እየሞተ ያለ ሰው ፊት፣ ጥርት ብሎ። ሙባረክም አንገቱን አስግጎ አየና «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብሎ ተመለሰ።

«እትዬ ማሚቱ ይህን ሲያዩ ምን ያያሉ?» አለች ሉሊት።

«ባሏን።»

«ባላቸውን ብቻውን ሲሞት ያያሉ። ሲያነሡት ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር?»

«አብራው ወጥ ቤት የምትሠራው ሶሊ ነበረች፤ አጥሚት ታጠጣዋለች። ጎረቤቱ ሸረፈዲንም ነበር። ሱቁን ዘግቶ ነው እግሩን ሲያሽ የሚውለው።»

«የታሉ?»

«ጉርድ ነዋ ልጄ!»

«ጉርድ ማለት ምን ማለት ነው ጋሼ?»

«ያው... ተቆርጦ የቀረ።»

«ማንን ቆረጧቸው?»

አቶ ወልደጊዮርጊስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ጉርድ» ሲሉ ውለው ሲያድሩ ቃሏ ቢላዋ እንደያዘች አስበውት አያውቁም ነበር። ሙባረክ ያቀረበላቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጁባ የገባሁ ዓመት ሆቴሉ ሁሉ ድንኳን ነበር። ወንዙ ዳር፣ ለስድስት በአንድ ድንኳን ነበር የምንተኛው፤ ወባ የጣለን ቀን ወለሉ ላይ እናስታውክ ነበር። አንድ ቀን የሰው ኮት ለብሼ፣ ከአንድ ባር መብራት ፊት ቆሜ፣ በሰማንያ አምስት ራሴን አስነሣሁ። መብራቱ ከኋላዬ ክብ ክብ ሆኖ ፈሰሰ፤ ፓሪስ ያለሁ እመስላለሁ። ያንን ፍኖተ ሰላም ለመልከጼዴቅ ላክሁ። እሱም ያን አይቶ፣ ሚስትና ልጁን ትቶ፣ በሬውን ሸጦ፣ በዓመቱ መጣ። የመጣ ዕለት ድንኳኑን አይቶ ‹ወልዴ፣ ይህን ለምን አላስገባኸውም?› አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እየቀለደ ይነግረኛል። ስንስቅ ነው የኖርነው።»

ይህን ብለው ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ያን ቀን አልሳቁም።

እዚህ ላይ ይህን ታሪክ የሚያነብ ሁሉ አንድ ነገር ያስብ። አቶ ወልደጊዮርጊስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ አልዋሹምም። ያነሡት ፊት ሁሉ የእውነት ፊት ነበር። ሆኖም ግማሹን ብቻ የነገሩት እውነት ስንቱን ሰው መንገድ ላይ አውጥቶ እንደጣለ ማን ይቁጠረው? ገበና መሸፈን ደግ ነገር ነው፤ ገደል መሸፈን ግን ደግ አይደለም። እኛ ሁለቱን ስናምታታ ዘመናችንን ጨረስን።

ሉሊት ከቦርሳዋ ትንሽ ጥቁር ሌንስ አወጣች፤ የቡና ስኒ ታህላለች። «የእኔ ነው፣ ሠላሳ አምስት። ለእርስዎም ካሜራ ይገጥማል። ዛሬ ይሥሩበትና ደስ ካላለዎ ለሙባረክ ሰማንያ አምስት ብለው ይንገሩት። በረራው ነገ ነው።»

አቶ ወልደጊዮርጊስ ሙባረክን «አትጻፍ፣ ቆየኝ» አሉት፤ ሌንሱንም ይዘው ወጡ።

የመልከጼዴቅ ክፍል ከሆቴሉ በስተጀርባ ናት፤ ቆርቆሮና ኮምፖንሳቶ፣ ርዝመቷ አራት እርምጃ። ከሰዓት በኋላ ውስጡ ይፋጃል። አቶ ወልደጊዮርጊስ ሲገቡ ሶሊ ማንኪያ ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ነበረች፤ ሸረፈዲን እግርጌ ተቀምጦ ያበጡትን እግሮች ጉልበቱ ላይ አስቀምጧቸዋል። ሁለቱም እንደ ልማዳቸው ከፎቶው ሊሸሹ ተነሡ።

«ተቀመጡ» አሉ አቶ ወልደጊዮርጊስ። «ዛሬ የሚወጣ የለም።»

ሶሊ ደንግጣ ጀሪካኑንና የተሰቀለውን ልብስ ልታነሣ ሮጠች። «ጋሼ፣ ክፍሉ እኮ ያሳፍራል!»

በሽተኛው ዓይኑን ገለጠ። ካሜራውን አየ፤ ትንሿን ሌንስ አየ፤ ከዚያ ጓደኛውን አየ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ድምፁ የሚሰማው ጎንበስ ላለ ሰው ብቻ ነው።

«ወልዴ» አለ፣ «ዛሬስ ድንኳኑን አስገባው።»

አቶ ወልደጊዮርጊስ ጀርባቸውን ቆርቆሮው ላይ ለጠፉ፤ ሸሚዛቸውን አልፎ ፈጃቸው። በካሜራዋ መስኮት ሲያዩ ሁሉም ነገር ገብቷል። መልከጼዴቅ አለ፣ ሶሊ ከነማንኪያዋ አለች፣ ሸረፈዲን እግሮቹን ታቅፎ አለ፤ ግድግዳው ላይ የተሰካው የማርያም ሥዕል፣ ጀሪካኑ፣ ከበሩ የገባው ብርሃን፣ ሁሉም አሉ። አነሡ። ያን ዕለት ማታ በቫይበር ላኩት። ጉርዱን አላኩትም።

መልከጼዴቅ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ።

ማሚቱ የደወለችው ከቀብር በኋላ ነው። አቶ ወልደጊዮርጊስ ስድብ ጠብቀው ነበር፤ ብትሰድባቸው ደስ ይላቸው ነበር። እሷ ግን ድምፅዋ ለቅሶ የጨረሰ ሰው ድምፅ ነበር።

«ያ እግሩን የያዘለት ሰው ማነው?»

«ሸረፈዲን ይባላል። የጂማ ሰው ነው፤ ነጋዴ።»

«እግሩን እኔ ነበርኩ መያዝ ያለብኝ። እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። ልጅቱንም።» ከዚያ ስለ ልጇ አነሣች። «አክሊልን ታስታውሰዋለህ? ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አባቱ ጋ ጁባ እሄዳለሁ ብሎ ሻንጣውን አስሮ ነበር። ያቺን ፎቶ አንድ ቀን ሙሉ ሲያያት ዋለ። ከዚያ ልብሱን አንድ ባንድ አውጥቶ ቆጥ ላይ ሰቀለ። ወልዴ፣ እንዲህ ያለ ፎቶ ያኔ ብትልክልን ኖሮስ?»

ይህችን ጥያቄ አቶ ወልደጊዮርጊስ ዛሬም ይዘዋት ይዞራሉ።

ለሙባረክ ግን ቁርጡን ቀደም ብለው ነግረውት ነበር፤ ፎቶውን ባነሡ ዕለት ምሽት «ሠላሳ አምስት ጻፍ፣ ኸላስ፣ አበቃ» ብለውታል። ሌንሱ በሦስት ሳምንት ደረሰ። ጥቅሙን ማንም ይመሰክራል። በጠባቧ ፎቶ ቤት አባትና እናት ከነልጆቻቸው ይገባሉ፤ ጄነሬተር ሳይነሣ ሥራ ይሠራል፤ አቧራ አይገባበትም፤ መንገድ ላይም ዓይን አይስብም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወደ አገር ቤት የሚላከው ፎቶ ቤቱንም፣ ጎረቤቱንም፣ ድካሙንም ይዞ መሄዱ ነው። የሚመጣም አውቆ ይመጣል፤ የሚቀርም አውቆ ይቀራል። ጉርድ ለፓስፖርት ይሁን፣ ለዘመድ ግን ሙሉው ይላክ፤ ምክራችን ይኸው ነው።

የጁባ ሐበሻ ይህን ምክር ሰምቶ ተለወጠ ብንል ግን እኛም ጉርድ አነሣን ማለት ነው። አብዛኛው ዛሬም «ጋሽ ወልዴ፣ ቆርቆሮው እንዳይታይ» ይላቸዋል። የተለወጡት እሳቸው ናቸው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፎቶ ቤቱን ከውስጥ ዘጉ። ፏፏቴ የተሣለበትን መጋረጃ ጠቅልለው አወረዱ። ካሜራዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ራሷ እንድታነሣ ዐሥር ሴኮንድ ሞልተው፣ ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ፎቶው ሲወጣ አዩት። ሌንሱ ሰፊ ስለሆነ ሁሉንም አስገብቷል፤ እሳቸውን፣ የተላጠውን ግድግዳ፣ የደንበኛ ሦስት ባዶ ወንበሮች፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ። መልከጼዴቅ እሑድ እሑድ ይቀመጥባት የነበረችው ወንበር በስተቀኝ ነበረች። ሊያጠፉት አሰቡ። ከዚያ ፍኖተ ሰላም ላሉት ታላቅ እኅታቸው ላኩት፤ በዐሥር ዓመት ውስጥ ከጉርድ ሌላ ልከውላቸው አያውቁም።

እኅታቸው ወዲያው ጻፉ።

«ወንድሜ፣ ብቻህን ነህ እንዴ?»

አቶ ወልደጊዮርጊስ እንደ ድሮው «ደህና ነኝ፣ ሰዎቹ ውጭ ናቸው» ብለው ጀመሩና አጠፉት። ከዚያ አንዲት ቃል ጽፈው ላኩ።

«አዎ።»