ስለ ደወሉ፣ ስለ ውሻውና ስለ ሽንኩርቱ የተሰጠ ቃል

የቃል ሰጪው ስም፦ ሎወል ስታንገላንድ
ዕድሜ፦ 74
ሥራ፦ ጡረታ የወጣ የእንጨት ሥራ መምህር
አድራሻ፦ ሚኒሶታ፣ ዱሉዝ ከተማ፤ ለጊዜው አዮዋ፣ ፌርቢ ከተማ፣ መልበሪ መንገድ፣ የቤት ቁጥር 414
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሰኞ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2024፣ ከጠዋቱ 3፡15
ጉዳዩ፦ ከመልበሪ መንገድ ቁጥር 415 ተወሰዱ ስለተባሉ አንድ የናስ ደወልና አንድ ውሻ
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ሬናታ ኮዋልቺክ

ዝም የማለት መብት እንዳለኝ በሳጅን ኮዋልቺክ ተነግሮኛል። ዝም ማለት ግን በልጅነቴም ስላልሆነልኝ ቃሌን በፈቃዴ እሰጣለሁ።

በመልበሪ መንገድ ቁጥር 414 ያለው ባለ ሦስት ፎቅ ቤት የኮሌጁ ተማሪዎች የወንድማማችነት ማኅበር ቤት ነው። እኔ በ1968 ከእርሻ የመጣሁ፣ በከተማው አንድ ሰው የማላውቅ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ገባሁበት። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ስሙን እንኳ የማላውቀው ልጅ "ወንድሜ፣ ድንቹን አቀብለኝ" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን ቤት እወደዋለሁ። ይህም በመዝገቡ ይስፈርልኝ።

ቤቱ የእኛ የቀድሞ አባላት ንብረት ነው። ዛሬ አሥራ አራት ተማሪዎች ይኖሩበታል፤ ጣሪያው ያፈሳል። ሰብሳቢያችን ጡረተኛው ጠበቃ ዋረን ፔልቲየር ቤቱን አፍርሶ አፓርታማ የሚሠራበት ገዢ አግኝቶ ነበር። ይሸጥ አይሸጥ የሚለው ባለፈው ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12፣ በምሳ ሰዓት ሊወሰን ነበር። በደንባችን መሠረት የቤቱ ደወል ከተደወለ ለምሳ የተቀመጡት እጅ አውጥተው ይወስናሉ። ደወሉ ከሌለ ግን በየከተማው ካሉ አባላት በፖስታ የመጣው ድምፅ ይቆጠራል። ደወላችንን ደግሞ ከፊት ለፊታችን፣ በቁጥር 415 ይኖሩ የነበሩት የባላንጣ ማኅበር ልጆች፣ ጉጉቶች የምንላቸው፣ በ1989 ወስደውብን ደብዛው ጠፍቶ ነበር። ፖስታው ቤቱን ከረሱ ሰዎች የመጣ ስለሆነ "ይሸጥ" እንደሚል ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔም ብሆን ባለቤቴን ሳስታምም ለአሥራ አምስት ዓመት ቤቱን አልረገጥሁም፤ ገንዘብና የጣሪያ ክዳን ከመላክ በቀር። ስለዚህ በማንም ላይ አልፈርድም። በዋረን ላይ ግን ትንሽ እፈርዳለሁ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 4፡20 ገደማ ከዚያው ዘመን ጓደኛዬ ከገስ ፔትራኪስ ጋር በቤቱ በረንዳ ተቀምጠን ሳለ፣ ገስ በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ "አንተ፣ እስቲ መነጽርህን አድርግ። ያ የተንጠለጠለው ምንድን ነው?" አለኝ። በቁጥር 415 በረንዳ ላይ የናስ ደወል አየሁ። "የኛ ነው" አልሁት። "ዓይናቸውን በጨው ያጠቡ! ይኸው ፊታችን ሰቅለውት ይስቁብናል" አለ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት አምናለሁ። ጉጉቶች ተበትነው ቤቱ ከተሸጠ አሥራ ሦስት ዓመት እንደሆነው አላወቅሁም። ምልክታቸው በበሩ ላይ አለመኖሩን አይቻለሁ፤ ከስንፍና ቆጠርሁት። የአበባ መትከያና የውሻ ሳህንም አይቻለሁ፤ እነዚህ ልጆች ሰው ሆነዋል ብዬ አለፍሁ። ከተማሪዎቹ አንዱን ብጠይቅ ይነግረኝ ነበር፤ ነገር ግን ዕቃ ለማስመለስ የሚሄድ ሰው ለማንም አይናገርም። የሁለቱ ቤቶች ልማድ እንዲህ ነው። ከምሳ በፊት በጠራራ ፀሐይ ይኬዳል፤ ቁልፍ አይሰበርም፤ በተወሰደው ዕቃ ቦታ አንድ ሽንኩርት ይቀመጣል። ሽንኩርቱን ገስ ከወጥ ቤት አመጣ። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ ደወሉን ፈታሁ፤ ጉልበቴ ስለሚያመኝ ስወርድ ገስ ደግፎኛል። በሩጫ አመለጥን ብል ደስ ባለኝ፤ የተመለስነው ግን ቀስ ብለን እየተራመድን ነው።

ልክ በ6 ሰዓት ሠላሳ ስድስት ሰዎች ለምሳ ተቀመጥን። የተማሪዎቹ ፕሬዚዳንት ማሊክ ኦስትራንደር ደወሉን ሦስት ጊዜ ደወለ። ድምፁ ሳይበርድ አንድ ትልቅ ቢጫ ውሻ በተከፈተው በር ገብቶ፣ ግራ ቀኝ ሳያይ ዋረን እግር ሥር ተቀመጠና ሳህኑን ያይ ጀመር። ዋረን "ይህን ደግሞ ማን ጠራው?" ሲል ገስ "ተወው፣ ድምፅ ሊሰጥ ነው የመጣው" አለው። ውሻውን ማንም እንዳልጎተተውና እንዳላሰረው አረጋግጣለሁ። ጥብስ የሰጠው ገስ ነው። ከዚያም እጅ ወጣ። ሃያ ሰባት ሰው ቤቱ ይቆይ፣ ዘጠኝ ይሸጥ አለ። እኔ አለቀስሁ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሳጅን ኮዋልቺክና የቁጥር 415 ባለቤት ወይዘሮ አይሪን ዳልሪምፕል ገቡ። ወይዘሮዋ ሽንኩርቱን በእጃቸው ይዘው ነበር። "ደወሌን ወሰዳችሁ፣ ውሻዬን ወሰዳችሁ፣ ሽንኩርት ተዋችሁልኝ። ኧረ እናንተ ምን ዓይነት ሌቦች ናችሁ?" አሉ። ደወሉን ቤቱን ሲገዙ ከምድር ቤት እንዳገኙትና ቢስኩት የሚባለውን ውሻቸውን ለምግብ የሚጠሩበት እንደሆነ ተናገሩ። ያን ጊዜ ክው አልሁ። ዋረን ብድግ ብሎ "የጎረቤት ደወል ከሆነ የተሰጠው ድምፅ ፈርሷል። ፖስታው ይከፈት" አለ። ትክክል እንደነበረ ልክድ አልችልም።

ሆኖም በየዓመቱ ደወሉን የሚደውለው ተማሪ በውስጡ የስሙን ሁለት ፊደላት በምስማር ይጭራል። ይህንን ለሳጅኗ ነገርኋቸው። እሳቸውም የእጅ ባትሪያቸውን አብርተው ወደ ውስጥ እያዩ አነበቡ። "ሎ.ስ. 1971" ሲሉ እኔ መሆኔን ተናገርሁ። ቀጥለው "ዋ.ፔ. 1974። ይሄስ ማነው?" ብለው ጠየቁ። ዋረን ደወሉን ተቀብሎ አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አስገባና ለረጅም ጊዜ ዳበሰው። ከዚያ "እኔ ነኝ" አለ። "ምስማሩን የነቀልኩት ከዚያ መስኮት ነው።" ተመልሶ ተቀመጠ፤ ስለ ፖስታውም ዳግመኛ አላነሳም።

ወይዘሮ ዳልሪምፕል ደወሉ የእኛ መሆኑን ተቀብለው ስለ ሽንኩርቱ ጠየቁ። ገስ ልማዱን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳቸው። "ከምሳ በፊት? ቁልፍ ሳይሰበር?" ብለው ደግመው ጠየቁት። "አዎ እመቤቴ" አላቸው። አንድ ቁራጭ የፖም ኬክ በልተው፣ ሽንኩርቱን ኪሳቸው ከትተው፣ ቢስኩትን አስከትለው ሄዱ።

ትናንት እሑድ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ማሊክ ወደማርፍበት ክፍል ሮጦ መጥቶ "ወንድም ሎወል፣ ደወሉ የለም!" አለኝ። ወርጄ ሳይ በመመገቢያ ክፍሉ መንጠቆ ላይ ያው ሽንኩርት በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። ቁልፍ አልተሰበረም። በመስኮት ስመለከት ደወሉ በቁጥር 415 በረንዳ ላይ ነበር። ወይዘሮ ዳልሪምፕል ከሥሩ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ቀና ብለው እጃቸውን አወዛወዙልኝ።

ማሊክ ልማዱን በዓይኑ አይቶ ስለማያውቅ ደንግጦ ለፖሊስ ስልክ ደውሏል። ዛሬ የመጣሁት ያ አቤቱታ እንዲሰረዝ ለመጠየቅ ነው። ቤታችን ለአሥራ ሦስት ዓመት የጎደለው ጣሪያ ብቻ አልነበረም፤ ባላንጣም አጥቶ ነበር። አሁን አግኝቷል፤ ደስ ብሎኛል። ወደ ዱሉዝ ልመለስ የነበረው ነገ ነው፤ ወደ እሑድ አዛውሬዋለሁ። ምክንያቱን ሳጅኗ ሲጠይቁኝ ቅዳሜ ከምሳ በፊት የማይቀር ጉዳይ እንዳለብኝ ብቻ ተናግሬአለሁ። እሳቸውም ቅዳሜ ጠዋት በመልበሪ መንገድ ተረኛ እንዳልሆኑ ነግረውኛል።

ይህ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኛል። ደወሉን ያወረድሁት እኔ ነኝ፤ ውሻው ግን በገዛ እግሩ ነው የመጣው። የተናገርሁት ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ሎ. ስታንገላንድ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ሬ. ኮዋልቺክ

ከቃሉ ጋር የቀረበ ኤግዚቢት፦ አንድ ሽንኩርት፣ ከነክሩ። ቃል ሰጪው ለቅዳሜ እንደሚያስፈልገው ስለገለጸ ተመልሶለታል።