መርዘኛዋ ሉብናና የቅሬው ድንኳን

ጋሽ ኡበይደላ ከወልዲያ መናኸሪያ ወደ መርሳ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ የቀረው ወንበር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከመርዘኛዋ ጎን። መርዘኛዋ የተባለችው ሉብና ናት፤ መርሳ አጠገብ ያለችው የግራና ልጅ፣ አዲስ አበባ የምትሠራ ተዋናይት፣ በየሳምንቱ በሚታየው የቴሌቪዥን ድራማ ባሏን መርዝ ያጠጣች ሴት። ግራና ውስጥ ይህን ያላየ የለም። ባለፈው ለቅሶ ላይ ሉብና ውሃ ልታድል ብትነሳ እትዬ አሰለፈች «ከዚህች እጅስ አልጠጣም» ብለው ጣሳውን መልሰውላታል።

ጋሽ ኡበይደላ የቅሬው፣ ማለትም የግራና ዕድር፣ ዳኛ ናቸው። የሉብና የቲያትር ቡድን ስለ ወባ ላዘጋጀው ቲያትር ቅሬው ድንኳኑን እንዲያውሰው ጠይቋል፤ ነገ ስብሰባ ነው። በዚህ ዝናብ ያለ ድንኳን ቲያትር አይታይም፤ ዝናቡ እስኪያባራ ቢጠበቅ ደግሞ ወባው ይቀድማል። እሳቸው ግን እንቢ ሊሉ ቆርጠዋል። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግ ሰውም ግን ይሳሳታል።

ሰላምታ ተለዋወጡ። ስሪንቃ ሲደርሱ ግን ጋሽ ኡበይደላ አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ ልምከርሽ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። አንቺ ትተውኛለሽ፣ ትጽፊያለሽ፣ እዚህ መጥተሽ ደግሞ ታስተምሪያለሽ። የቱ ሊበስልልሽ ነው? አንዱን ያዢ።»

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና አንቱስ? ገበሬ ነዎት፣ ዳኛ ነዎት፣ ሐድራው ላይ ለዱዓ ሲሰበሰቡ መንዙማ የሚያወጡትም አንቱ ነዎት። የቱን ይተዉ?»

«የኔ ሌላ ነው።»

«መንዙማውን መቼ ነው የሚያስቡት?»

«በሬ ጠምጄ ነዋ፤ ከትልም ወደ ትልም ስመለስ ግጥሙ ይመጣል» አሉ፤ ካሉ በኋላ ግን ከንፈራቸውን ነከሱ።

«እኔም የምጽፈው ቀረጻ ላይ ተራዬን ስጠብቅ ነው» አለች ሉብና በትሕትና።

ሽማግሌው በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም። «እሺ፣ ስትሄጂ የቲያትሩ ልጆች አይበተኑም?»

«ኤደን አለች። ልምምዱን የምትመራው እሷ ናት፤ እኔ ቀረጻ በሌለ ሳምንት እመጣለሁ። ሁሉን እኔ ልያዝ ብልማ አንቱ ያሉት በደረሰብኝ ነበር።»

«እሱስ ይሁን። መርዘኛ ግን ሕዝብ ታስተምራለች?»

ሉብና ሳቀች። «መርዘኛዋን ቲያትሩ ውስጥ አስገባኋት እኮ። ብቅ ስል ሰው ሊረግመኝ ይሰበሰባል፤ ያኔ አጎበሩን አወጣለሁ። ‘ስለ ወባ እንምከራችሁ’ ብንል ማን ይመጣልናል? ደግሞ ጋሼ፣ ዘንድሮ የታደለዎት አጎበር የት ነው ያለው?»

ጋሽ ኡበይደላ ወደ መስኮቱ ዞሩ። አጎበሩ የሽንኩርት ችግኛቸው ላይ እንደተዘረጋ ግራና ሁሉ ያውቃል፤ ብዙው ገበሬም የዳኛውን አይቶ እንደሳቸው አድርጓል።

«ወፍ አስቸግሮኝ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ሽንኩርት ወባ አይዘውም፣ ጋሼ።»

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ቤታቸው ያሉትን ልጆች አስበው ደነገጡ። መርሳ ሲደርሱም ቀድመው ወርደው ወደ ቤታቸው ገሰገሱ።

በማግስቱ ስብሰባው ላይ ሰው እንቢታቸውን ሲጠብቅ ተነሱና «ድንኳኑ ይሰጥ» አሉ። «ይቺ ልጅ ሙያዋን ትታ ብትመጣ አንድ ሰው ነው የምናገኘው። ሙያዋን ይዛ ብትመጣ ግን አገር ይሰበሰብላታል። ዛፉ አንድ ነው፤ ቅርንጫፉ ነው የበዛው። እኔም አጎበሬን ዛሬ ጠዋት አንስቻለሁ።»

ቲያትሩ ታየ፤ መክፈቻው የጋሽ ኡበይደላ መንዙማ ነበር። በዚያ ሳምንት ከየችግኙ ላይ አጎበር ተነስቶ ታጠበና አልጋ ላይ ተሰቀለ፤ ችግኙም ወፍ እንዳይበላው በአጎበሩ ፈንታ ሣር ለበሰ። ኤደን መድረክ መምራትን አወቀች፤ ሉብናም ወደ ቀረጻዋ ስትመለስ ልቧ አልተከፈለም። ሥራን በጊዜውና በአጋዥ የሚይዝ ሰው፣ አንዱ ሥራው ለሌላው ስንቅ ይሆነዋል እንጂ አይሻማበትም።

ቲያትሩ ያለቀ ዕለት ሉብና ውሃ ስታድል እትዬ አሰለፈች ጋ ደረሰች። እሳቸውም ጣሳውን አዩ፣ እሷን አዩ።

«እስቲ ቀድመሽ ቅመሺው።»

ቀመሰች። እትዬ አሰለፈች ተቀብለው እስከ መጨረሻው ጠጡና አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ድራማው ሲጀምር ግን መልሼ እቀየምሻለሁ» አሉ።