የሁለተኛ ማዕረግ በር

ግቢ እህቴ፣ ጫማሽን አታውልቂ። ቀሚስሽ ጠርዙ ብቻ ነው የቀረው፤ አረፍ በይና እየተጫወትን እጨርሰዋለሁ። ልጆች ደኅና? ጉንፋኑስ ለቀቃቸው? ተመስገን ነው።

ትናንት ምርቃቱ ላይ አየሁሽ። አሮጌው ባቡር ጣቢያ ታድሶ አማረበት አይደል? የሰውየውን ንግግርስ ሰማሽው? የመጀመሪያው ጣቢያ የእንጨት እንደነበር፣ እሳት ሲበላው በድንጋይ እንደተሠራ፣ ኋላም መጋዘኑ እንደተጨመረ... አንድ አልቀረውም። እኔ ስም አልጠራም፤ ግን እንደዚያ ሰው ጣቢያውን የሚያነሳ ማን አለ? በየስብሰባው ያነሳል... በጭነት መኪናም ያነሳል።

አክስቴን ታውቂያት የለም? የትኬት ቆራጩን ሚስት። ባቡሩ ቆሞ፣ ባሏም ሞቶ፣ ከመጋዘኑ ጎን ባለችው ክፍል እየኖረች ጣቢያውን ስትጠርግና ስትቆልፍ አረጀች። ጠብቂ ያላት የለም። ያው ተናጋሪው ነው መጥቶ «እማማ፣ ጣራው እንዳይወድቅብዎት፣ ለጤናዎ ብዬ ነው» ብሎ ያስወጣት። አንጀቱ እንዴት ይራራል... እሷ ስትወጣ ጣራው እውነትም ወረደ። ቆርቆሮው አንድም ሳይጣመም፣ በሥርዓት። የአንደኛና የሁለተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ መግቢያ በሮቹም ተከተሉት። ምቀኛ ሌላ ሌላ ያወራል፤ እኔ ግን ዝናብ እንዳይመታቸው ብሎ ነው እላለሁ። የድሮ ሰው፣ ማደሪያ የሌለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይል ነበር። ማደሪያ ያለውስ... በር ይዞ ቢዞር ምን አለበት?

ይልቅ ሳልረሳው፣ እህትሽ ቤት መጋረጃ ልለካ ሄጄ ነበር፤ ባሏ እንደልማዱ ስብሰባ ሄዷል አለችኝ። የሳሎኑ በር ግርማው ለጉድ ነው። ቀለሙ ላጥ ያለበት ቦታ፣ ከሥሩ «ሁለተኛ ማዕረግ» የሚል ጽሑፍ ብቅ ብሏል። ምን ማለት ይሆን? እህትሽን እንኳ ሁለተኛ የሚላት የለም... አለ እንዴ?

አክስቴማ ትናንት ከአጥሩ ውጭ ነበረች። የጥሪ ወረቀት የሌለው አይገባም አሏት። ያንን ደጅ ስትጠርግ ወገቧ የጎበጠ ሴት... እኔ ቤት ስትመለስ «ማማሩስ አምሯል፤ በሮቹ ግን የእኛ አይደሉም» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እስካሁን እህል አልቀመሰችም። እርጅና ነው መቼም... ሌላ ምን ይሆናል?

እኔ ቂም አላውቅም። ያን ሰው ካገኘሽው መርቃሃለች በይልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ቤቱን፣ እሱ ጣቢያውን እንደጠበቀው አድርጎ የሚጠብቅለት ሰው አይጣ። ጉልበቱ ሲደክም ደግሞ... እሱ ለአክስቴ እንዳዘነላት የሚያዝንለት ልጅ ይስጠው። አሜን በይ እንጂ።